ፋይሉ ሌላ ሰው ጋ ሲሄድ ይከፈታል? የዴስክቶፕ ፕሮግራም አመራረጥ ለወሎ ሰው

ክረምት ላይ አንድ ሽማግሌ ከኩታበር መጡ። በእጃቸው ፍላሽ ይዘዋል። የልጅ ልጃቸው ከሁለት ዓመት በፊት የጻፈላቸውን ማመልከቻ ቀኑን ብቻ ቀይሬ እንዳትምላቸው ነው የፈለጉት። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ወንበር ሰጠኋቸውና ፋይሉን ከፈትኩት። የወጣው ነገር አማርኛ አይደለም። የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና ኮማ ተደባልቆ ሦስት ገጽ ሙሉ ተደርድሯል።

«ልጄ፣ ይሄ የኔ ነው?»

«የአንቱው ነው አባባ። ፊደሉ ነው የጠፋው።»

ደግነቱ የወረቀት ቅጂው በኪሳቸው ነበር። እሱን እያየሁ ሦስቱንም ገጽ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ልጁ ፕሮግራሙን ሲመርጥ የጠየቀው «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል ወይ?» ብሎ ነው። «ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይስ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ አባባ በዚያ ዝናብ ያን ያህል ባልተቀመጡ።

«ዴስክቶፕ ገዛሁ፣ ምን ምን ልጫንበት?» የሚል ሰው በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይመጣል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ የሐይቅ አስተማሪ አለ። መልሴ እንደ ሰዉ ይለያያል። መመዘኛዬ ግን አይቀየርም።

በምን እንመዝን?

ከሁሉ በፊት የማየው ፋይሉ ከቤት ወጥቶ መከፈቱን ነው። እዚህ አገር ሰነድ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ቤት ይጻፋል፣ በፍላሽ ወይ በቴሌግራም ኮፒ ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ መሥሪያ ቤት ይገባል፣ አንዳንዴ ለእርማት ይመለሳል። እስኪጨርስ ሦስት አራት ኮምፒውተር ይነካዋል። ሁሉም ላይ እኩል መታየት አለበት።

ሁለተኛው ኔት ነው። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው ሁሉ ኦንላይን የነበረ ሰው ለወራት እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ኔት ሲኖር የሚያግዝ ፕሮግራም ጥሩ ነው። ያለ ኔት የማይከፈት ፕሮግራም ግን ዋና የሥራ ዕቃ አይሆንም።

ሦስተኛው መብራት። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ዴስክቶፕ የለውም። መብራት እልም ሲል ስክሪኑም አብሮ እልም ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ የጻፍነውን በየስንት ደቂቃው ያስቀምጣል? ተመልሶ ሲከፈትስ ይመልሰዋል?

አራተኛው የማሽኑ አቅም። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። 4 ጊጋ ራም፣ የድሮው ዓይነት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። ከባድ ፕሮግራም ስትጭኑበት እስኪከፈት ቡና ይፈላል።

የመጨረሻው ዋጋ ነው። ዋጋ ስል ብሩንም ዳታውንም ነው። ከሞባይል ጥቅል ለሚቆርጥ ሰው 350 ሜጋ የሚወርድ «ነፃ» ፕሮግራም ነፃ አይደለም።

የፕሮግራሙን ስም፣ መልኩን፣ «ሺህ ነገር ይሠራል» መባሉን አልቆጥርም። ከሺው የምንነካው አሥሩን ነው።

አማርኛ መጻፊያ

መጀመሪያ የአባባ ፋይል ለምን እንደጠፋ ልንገራችሁ። ድሮ ፊደላችን በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ መለያ ቁጥር አልነበረውም። ፎንት ሠሪዎች የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው የኛን ፊደል ሥዕል በላዩ አስቀመጡበት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፣ ዓይናችን የሚያየው ግን «ሀ» ነው። ፎንቱ ያለበት ማሽን ላይ ሁሉ ሰላም። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ግን ጭምብሉ ይወልቃል። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ መለያ ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ስልክ ላይም፣ ቴሌግራም ላይም፣ የጎረቤት ኮምፒውተር ላይም አማርኛ ሆኖ ይወጣል።

መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ መስመር ጻፉና ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከተለጠፈ ዩኒኮድ ነው። ቅንፍና ኮማ ሆኖ ከመጣ ያ ፋይል አንድ ቀን ያስለቅሳችኋል።

አማራጮቹ ሦስት ናቸው።

ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣው የአማርኛ ኪቦርድ አለ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቋንቋ ላይ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስ ስትነኩ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀየራል። ነፃ ነው፣ ማሽኑ ላይ አይከብድም፣ የሚጽፈው ዩኒኮድ ነው። በሳምንት አንድ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ግን አይመችም። እኔ ሞክሬው ሁለት ቀን አልዘለቅኩም።

ኪይማን ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ፕሮግራሙን ከጫናችሁ በኋላ ከውስጡ የአማርኛ ኪቦርድ ትመርጣላችሁ። አጻጻፉ በድምፅ ነው። የ«ሰ»ን ድምፅ በላቲን ሁለት ፊደል ስትጽፉ «ሰ» ይመጣል፣ አንዱን ብቻ ስትነኩ «ስ» ይሆናል። ሁለት ነጥቡን ሁለቴ ስትነኩት አራት ነጥብ ይሆንላችኋል። «ሠ»ንና «ሰ»ን፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን ለይቶ መጻፍ ለሚፈልግም፣ የግዕዝ ቁጥር ለሚያስፈልገውም ሁሉም አለው። አንዴ ከተጫነ ኔት አይጠይቅም። ስልክ ላይም ስለሚሠራ እጃችሁ አንድ አጻጻፍ ብቻ ይለምዳል። በኔ ቤት ሁሉም ማሽን ላይ ያለው እሱ ነው።

ፓወር ግዕዝ አገር በቀል ነው፣ የብዙ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ እጅ የለመደውም እሱን ነው። ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ የምትጽፍ ጸሐፊ አውቃለሁ። እሷን «ኪይማን ተማሪ» ማለት በግራ እጅሽ ብዪ እንደማለት ነው። ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የቆዩት እትሞች የሚጽፉት በራሳቸው ፎንት ነው። በኋላ የመጡት ዩኒኮድም አላቸው። እሱን የለመደ ሰው ዩኒኮዱን መርጦ መጻፍ ነው ያለበት። ሶፍትዌሩ የሚሸጥ መሆኑንም አትርሱ። በፍላሽ የሚዞረው አብዛኛው ፈቃድ የሌለው ቅጂ ነው፣ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ አይታወቅም።

ስለ ፎንት አንድ ነገር ልጨምር። «ኒያላ» ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ግን ከተጨማሪ ፎንቶች ውስጥ ነው የገባው፣ አማርኛ ያልተጨመረበት ማሽን ላይ ላይኖር ይችላል። ያኔ «ኤብሪማ» ይተካዋል። ፊደሉ አይጠፋም፣ ስፋቱ ግን ስለሚለያይ 40 ገጽ የነበረው 43 ይሆናል፣ ማውጫው ይዛነፋል። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊያሳትሙ የመጡ ተማሪዎች እዚህ ላይ ነው የሚደነግጡት። አብሽሩ፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቤታችሁ እያላችሁ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡትና ፒዲኤፉን አምጡ። ፎንቱ አብሮ ይጓዛል።

ኦፊስ

አራት መንገድ አለ። ሦስቱን በደንብ እናያለን፣ አራተኛውን በጨረፍታ።

ማይክሮሶፍት ኦፊስ ከሌላው ሰው ጋር ለመግባባት አንደኛ ነው። ምክንያቱም ሌላው ሰው ያለው እሱ ነው። ከመሥሪያ ቤት የሚላክ ቅጽ፣ ከዋና መሥሪያ ቤት የሚመጣ የኤክሴል ደመወዝ መክፈያ፣ ሁሉም በሱ የተሠራ ነው። ችግሩ ዋጋው ነው። በዓመት የሚከፈለው ዓይነት የዶላር ካርድ ይጠይቃል። ስለዚህ ሰው ወደ ክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ ሳይከፈልበት ወደሚሠራ ቅጂ ይሄዳል። ስለ ክራክ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሊብሬኦፊስ በ2010 እ.ኤ.አ. ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ የወጣ ነፃ ፕሮግራም ነው። መጫኛው ከ300 ሜጋ በላይ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት። ከዚያ በኋላ ኔት አይጠይቅም፣ «ፈቃድህ አልቋል» አይልም፣ ማስታወቂያ የለውም። ባለ 4 ጊጋ ማሽን ይሸከመዋል። ሜኑውን አማርኛ ማድረግም ይቻላል። እኔ አልለመድኩትም፣ «ሴቭ»ን በአማርኛ ሳየው ይስቀኛል። ልጆች ግን ይወዱታል።

ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሊብሬኦፊስ በራሱ ዓይነት ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። ያንን ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ኮፒ ቤት ብትሄዱ ሠራተኛው ግር ይለዋል። ስትጭኑት ወዲያው «ቱልስ»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ» ግቡ። «ሎድና ሴቭ» ስር ሁልጊዜ በወርድ ዓይነት እንዲያስቀምጥ ምረጡ። እዚያው ቤት ውስጥ ለመብራት መጥፋት የሚያስቀምጥበት ጊዜ 10 ደቂቃ ተብሎ ተቀምጧል። 2 አድርጉት። ማይክሮሶፍት ወርድም ላይ እንዲሁ 10 ነው፣ እሱንም ቀንሱት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የተጻፈ አንድ ገጽ ተኩል ጠፍቶ ያየ ሰው ይህን ሁለቴ አይነገረውም።

የሊብሬኦፊስ ደካማ ጎኑ የተወሳሰበ ገጽ ላይ ነው። ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ውስጥ፣ ሥዕል ከጽሑፍ ጎን፣ ማክሮ (በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ያለው ኤክሴል ከሆነ መንሸራተት አይቀርም። ተራ ደብዳቤ፣ ማመልከቻ፣ የፈተና ወረቀት፣ ቀላል የሒሳብ ሠንጠረዥ ከሆነ ልዩነቱን አታዩትም።

ደብሊውፒኤስ ኦፊስ የቻይና ነው። መልኩ ወርድን ስለሚመስል የለመደ ሰው አይቸገርም፣ ቀላልም ነው። የወርድ ፋይል ላይ ገጹን ጠብቆ በመክፈት ብዙ ጊዜ ከሊብሬኦፊስ ይሻላል። ግን ነፃው ማስታወቂያ አለው፣ አንዳንድ ነገር ስትነኩ «ክፈል» ይላል፣ በየጊዜው ግባና ተመዝገብ ይላል። ትዕግሥት ላለው ሰው ነው።

ጉግል ዶክስ ኔት ሲኖር ድንቅ ነው። መብራት ቢሄድ የጻፋችሁት ሰርቨር ላይ ነው፣ አይጠፋም። ጉግል በ2017 እ.ኤ.አ. አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ውስጥ አስገብቷል። የቃለ ጉባኤ ረቂቅ በንግግር ለማስጻፍ ሞክሩት፣ ስም ላይ ይሳሳታል እንጂ ጥሩ ነው። ዋና ቤት ግን አታድርጉት። ምክንያቱን ሁለተኛው መመዘኛ ላይ ተናግሬያለሁ።

ፒችትሪ ለሚጠቀሙ ሒሳብ ሠራተኞች ደግሞ፣ አሁን ስሙ ሴጅ 50 ሆኗል፣ የሚሠራውም ዊንዶውስ ላይ ነው። ጓደኛችሁ «በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጫን» ቢላችሁ መጀመሪያ ይህን አስቡ።

መጠባበቂያ ቅጂ

በ2014 ጦርነት ከደሴና ከኮምቦልቻ ኮምፒውተር ተዘርፏል፤ ከመሥሪያ ቤት፣ ከሱቅ፣ ከዩኒቨርሲቲው ሳይቀር። ማሽኑ ውሎ አድሮ ይተካል። የአሥር ዓመት የደንበኛ መዝገብና የልጆች ፎቶ ግን አይተካም። ዛሬም ቢሆን ሃርድ ዲስክ ሳይናገር ይሞታል።

ዊንዶውስ ውስጥ «ፋይል ሂስትሪ» የሚባል አለ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ስትሰኩ በየሰዓቱ የተቀየረውን ይቀዳል። የቆየውንም ቅጂ ስለሚያስቀር ትናንት በስህተት ያጠፋችሁትን አንቀጽ ማግኘት ትችላላችሁ። ለሱ ብዬ ነው የምወደው። ፍሪፋይልሲንክ ደግሞ ነፃ ነው። ሁለት ፎልደር ጎን ለጎን አስቀምጦ ምን እንደተቀየረ ያሳያችኋል፣ እናንተ ስታዙ ብቻ ይቀዳል። ጥንቃቄ ለሚወድ ሰው ይሄኛው ይስማማል። ብቻ «ሚረር» የሚለውን ስትመርጡ የትኛው ወደ የትኛው እንደሚሄድ ሁለቴ እዩ። አቅጣጫው ከተገለበጠ አዲሱን በአሮጌው ይተካዋል።

ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋ ነፃ ይሰጣል፣ ከጂሜይልና ከፎቶ ጋር የሚካፈሉት ነው። ዋንድራይቭ 5 ጊጋ። ለሰነድ ብቻ ከሆነ 5 ጊጋም ይበቃል። ጥቅማቸው ቤት ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ እነሱ ሌላ ቦታ መሆናቸው ነው።

ብዙ ሰው ግን የሚጠቀመው ቴሌግራምን ነው፤ «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ ይወረውራል። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል፣ ነፃ ነው፣ ከየትም ይገኛል። እኔም አደርገዋለሁ። ግን መጠባበቂያ ነው ብላችሁ አትደገፉበት። ሲም ካርዱ ከጠፋና ቁጥሩ ለሌላ ሰው ከተሰጠ በሩም አብሮ ይሄዳል። ቢያንስ በስልክ ከሚላከው ቁጥር ሌላ የራሳችሁን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ክፈቱበት።

የኔ ምክር ለሁሉም አንድ ነው፤ አንዱ ቅጂ ቤት፣ አንዱ ቅጂ ሌላ ሰው ቤት። አንድ ውጫዊ ዲስክ ገዝታችሁ ወልዲያ ያለች እህታችሁ ጋ አስቀምጡት። በየበዓሉ ስትሄዱ ታድሱታላችሁ።

ከስልክ ወደ ኮምፒውተር

ደንበኛ ገብቶ «ቴሌግራም ላይ ልላክልህ?» ይላል። ፎቶው ከሱ ስልክ ወጥቶ ባሕር ማዶ ሄዶ፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ወዳለው ኮምፒውተሬ ይመለሳል። ሁለታችንም ዳታ ከፈልን። ፎቶውም «ፋይል» ተብሎ ካልተላከ ተጨምቆ ይደርሳል፣ ለሕትመት አይሆንም።

ሎካልሴንድ ይህን ይገላግላል። ነፃ ነው። ስልክና ኮምፒውተር አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ በቂ ነው፣ ዋይፋዩ ኔት ባይኖረው ግድ የለውም። ከስልክ በሚከፈት ሆትስፖትም ይሠራል። መጀመሪያ ስትከፍቱት ዊንዶውስ «ልፍቀድለት?» ብሎ ይጠይቃል፣ ፍቀዱለት። ጉዳቱ ሁለቱም ጋ መጫን ስላለበት ለመንገደኛ ደንበኛ አይሆንም። ለእሱ የስልክ ኬብል ይሻላል። ፍላሽ ደግሞ የማይሞት ነው፣ ቫይረሱም አብሮት አይሞትም።

ጥቃቅኖቹ

እነዚህ ላይ ብዙ አላወራም፣ ምርጫቸው ቀላል ነው።

ለፒዲኤፍ ሱማትራ። ከ10 ሜጋ በታች ነው፣ ሲነኩት ይከፈታል። አዶቤ ሪደር ብዙ መቶ ሜጋ ነው፤ ቅጽ ሞልቶ መፈረም ለሚያስፈልገው እንጂ ለንባብ ብቻ ከሆነ አያስፈልግም።

ለታሸገ ፋይል ሰቨንዚፕ። አንድ ሜጋ ተኩል ገደማ ነው፣ «የሙከራ ጊዜህ አልቋል» የሚል መስኮት አያወጣም።

ለቪዲዮና ለሙዚቃ ቪኤልሲ። ከድሮ ካሴት የተቀዳ ባቲም ሆነ አምባሰል፣ ግማሹ ብቻ የወረደ ፊልምም ሆነ፣ ይከፍተዋል።

ፋይል ለመፈለግ ኤቭሪቲንግ። የፋይሉን ስም ሁለት ፊደል ስትጽፉ ወዲያው ይወጣል፣ በአማርኛ የተሰየመም ቢሆን። በተለመደው አጠቃቀም የሚፈልገው ስም ብቻ ነው፣ ውስጥ የተጻፈውን አያይም። ስለዚህ ፋይላችሁን «ሰነድ 1» ብላችሁ አትሰይሙ።

የሚቆራረጥ ኔት ላላችሁ ፍሪ ዳውንሎድ ማኔጀር። ከቆመበት ይቀጥላል። ከዚህም የሚበልጠው ግን ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ ያለ ነገር ነው። የምትጠቀሙበትን ዋይፋይ «ሚተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) በሉት። ካልሆነ የዊንዶውስ ዝመና ጥቅላችሁን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

ኮፒ ያደረጋችሁትን ሁሉ ለማየት የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ ቪ ንኩ። እስከ 25 ያስታውሳል። ምንም አይጫንም። ለብዙ ሰው ስነግረው ግንባሩን ይመታል።

ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያን ሙሉ በሙሉ አውርዶ ያለ ኔት ማንበቢያ ነው። የአማርኛው ትንሽ ነው፣ የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋ ይበልጣል፣ ሥዕል የሌለው ደግሞ ከዚያ ያነሰ አለ። ጥሩ ኔት ያለው ሰው አንዴ ካወረደው በፍላሽና በዲስክ ለሰፈሩ ይዳረሳል። ልጅ ያለው ቤት ይህን ይጫን።

ቫይረስና ክራክ

ዊንዶውስ ከ8 ጀምሮ ዲፌንደር አብሮት አለ። ለአሮጌ ማሽን ሌላ አንቲቫይረስ መጨመር ሁለት ዘበኛ ቀጥሮ ለሁለቱም ማደሪያ እንደመስጠት ነው፤ ማሽኑ ይጠብበታል። ዲፌንደሩን አታጥፉት፣ አዘምኑት፣ ይበቃል።

ፍላሽ ስትከፍቱ በውስጡ አንድ የፍላሹ ስም ያለበት ሾርትካት (አቋራጭ ምልክት) ብቻ ካያችሁ እጃችሁን አንሱ። ሾርትካት ቫይረስ ነው። ሁለቴ የነካው ሰው ኮምፒውተሩን ያስይዛል። ፋይሎቹ ግን ብዙ ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው። መጀመሪያ በዲፌንደር አስቃኙት፣ ከዚያ የተደበቀ ፋይል እንዲታይ አድርጉ። አንዲት ተማሪ የምርምር ጽሑፏ ጠፋ ብላ እያለቀሰች ገብታ እየሳቀች ወጥታለች።

ክራክ ደግሞ የመጀመሪያ ትእዛዙ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» ነው። ቤታችሁን ልጠግን ብሎ የመጣ ሰው መጀመሪያ ውሻውን እሰር፣ ቀጥሎ ቁልፉን ስጠኝ ቢል እሺ ትላላችሁ? የሕጉን ነገር ለየሰዉ ህሊና ልተወው። ሒሳብና የደንበኛ መረጃ ያለበት ማሽን ላይ ግን ክራክ አታስገቡ።

በአንድ ዓይን ለማየት

| ፕሮግራም | ለምን | ያለ ኔት ይሠራል? | ባለ 4 ጊጋ ማሽን | ዋጋ | ልብ በሉ |
|---|---|---|---|---|---|
| የዊንዶውስ አማርኛ ኪቦርድ | አልፎ አልፎ ለመጻፍ | አዎ | ይሸከመዋል | ነፃ | ለረጅም ጽሑፍ አይመችም |
| ኪይማን | በየቀኑ ለመጻፍ | አዎ | ይሸከመዋል | ነፃ | ለመልመድ ጥቂት ቀን |
| ፓወር ግዕዝ | ለለመደ ጸሐፊ | አዎ | ይሸከመዋል | የሚገዛ | ዩኒኮዱን ምረጡ |
| ማይክሮሶፍት ኦፊስ | ለመሥሪያ ቤት ሰነድ | አዎ | ይከብደዋል | የሚገዛ | ክራክ አደጋ አለው |
| ሊብሬኦፊስ | ለቤት፣ ለተማሪ | አዎ | ይሸከመዋል | ነፃ | አቀማመጡን ወደ ወርድ ቀይሩ |
| ደብሊውፒኤስ | ወርድ ለለመደ | አዎ | ይሸከመዋል | ነፃና የሚከፈል | ማስታወቂያ |
| ጉግል ዶክስ | ለጋራ ሥራ | እምብዛም | በብሮውዘር ነው | ነፃ | ኔት ላይ የቆመ |
| ፋይል ሂስትሪ | መጠባበቂያ | አዎ | ይሸከመዋል | ዲስኩን መግዛት | ዲስኩ መሰካት አለበት |
| ጉግል ድራይቭ | መጠባበቂያ | አይ | ይሸከመዋል | 15 ጊጋ ነፃ | ዳታ ይበላል |
| ሎካልሴንድ | ከስልክ ማስተላለፍ | አዎ፣ በዋይፋይ | ይሸከመዋል | ነፃ | ሁለቱም ጋ ይጫናል |

ታዲያ እናንተ የትኛውን?

ተማሪ ከሆናችሁና ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ፦ ኪይማን፣ ሊብሬኦፊስ፣ ሱማትራ። ግቢው ዋይፋይ ላይ በአንድ ቁጭታ አውርዱት። አማካሪያችሁ እርማት የሚልከው በወርድ ከሆነ የመጨረሻውን ቅርጽ ግቢ ባለ ኮምፒውተር ላይ አስተካክሉ፣ ከዚያ ፒዲኤፍ። ጽሑፉን በየሳምንቱ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት።

ኮፒ ቤት ልትከፍቱ ከሆነ እዚህ ላይ አትሰስቱ። አንዱ ማሽን ላይ በገንዘብ የተገዛ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ይኑር፣ ደንበኛ የሚያመጣው እሱን ነው። ሌሎቹ ላይ ሊብሬኦፊስ ይበቃል። ኪይማን ሁሉም ላይ። የድሮ ፎንቶችም ይኑሯችሁ፣ ለጽሑፍ ሳይሆን እንደ አባባ ያለ ፋይል ሲመጣ ለማንበብ። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ነው የጫንኳቸው። የተረፈ ብር ካለ ከሁሉም በፊት ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ ግዙ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጣችሁ፣ ግን ሴቭ ለማድረግና በወጉ ለማጥፋት በቂ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ ምርጫው በእጃችሁ አይደለም፣ ድርጅቱ የሚጠቀምበትን ነው። በእጃችሁ ያለው መጠባበቂያው ነው። ፋይል ሂስትሪን ዛሬውኑ ክፈቱ፣ በወር አንዴ ደግሞ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ ከቢሮ አውጡት።

ለቤት፣ ለልጆች፦ ኪዊክስ፣ ቪኤልሲ፣ ሊብሬኦፊስ በአማርኛ ሜኑ። ሌላ አትጨምሩ።

ማሽኑ 2 ጊጋ ራም ብቻ ከሆነ፣ ፕሮግራም ከመምረጥ በፊት ራም ጨምሩለት፣ ዲስኩንም ወደ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ቀይሩት። ለአሮጌ ዴስክቶፕ ኤስኤስዲ የሚያመጣውን ለውጥ የትኛውም ፕሮግራም አያመጣም።

አዲስ ልትገዙ ላላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የደኅንነት ዝመና አያገኝም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማስቀመጫና ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕ ይጠይቃል። ከኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የሚቀበለው። ሻጩን «ኮር አይ 5 ነው?» ብቻ አትበሉት፣ «ስንተኛ ትውልድ ነው?» በሉት። 4ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ከ8ኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ይበልጣል ብሎ የሚሸጥላችሁ አይጠፋም። በአሮጌው ማሽን ላይ መቆየት ለምትፈልጉ፣ ፒችትሪ የማትነኩ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፣ ሊብሬኦፊስም አብሮት ይመጣል።

የመረጣችሁትን ሁሉ ከጫናችሁ በኋላ መጫኛ ፋይሎቹን አታጥፏቸው። አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡና አንድ ፍላሽ ላይ ገልብጧቸው፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ኮምፒውተሩ ፎርማት የሚደረገው ሁልጊዜ ኔት በሌለበት ቀን ነው።